ሥራን ለሕዝብ ማሳወቅና ምርትን ለገበያ ማቅረብ፦ ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ትናንሽ ማኅበራት የቀረበ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን አቋርጦ ወደ ነቀምት የሚዘልቀው መንገድ የእህልም የሰውም መተላለፊያ ነው። በደጉ ጊዜ ጤፍና ገብስ፣ ድንችና በቆሎ በዚህ መንገድ ወደ ዋናው ከተማ ይጓዛሉ። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ደግሞ በድርቅም ሆነ በሌላ ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለ ወገን በዚሁ መንገድ ይመጣል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም መንገዱ የሚያመራበት ወለጋ ከዋና ዋናዎቹ የሠፈራ ክፍላተ ሀገር አንዱ እንደ ነበር ይታወሳል።

እንዲህ ያለውን ችግረኛ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚቀበለው ትልቅ የርዳታ ድርጅት አይደለም። ትልቁ ድርጅት እስኪደርስ ድረስ ውሃ የሚያቀርበው፣ ማደሪያ የሚሰጠውና ያለውን እህል የሚያካፍለው የሠፈሩ ዕድር፣ የሴቶች ማኅበር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የአጥቢያው በጎ አድራጊ ኮሚቴ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ትናንሽ ማኅበራት የሚሠሩት ሥራ ከቀበሌያቸው ወሰን አልፎ እምብዛም አይሰማም። ሰጪው ለማን እንደሚሰጥ ሳያውቅ፣ ማኅበሩም ከማን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ሲቀር በመካከል የሚጎዳው የሚበላውን ያጣ ቤተሰብ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማም አንድ አነስተኛ ማኅበር ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ሥራውን እንዴት እንደሚያስታውቅ፣ ምርቱንም እንዴት እንደሚሸጥ በተግባራዊ ምሳሌ ማስረዳት ነው።

1. የሕዝብ ግንኙነት ምን ማለት ነው?

የሕዝብ ግንኙነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ድግስን፣ ንግግርንና በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያን ነው። እነዚህ መሣሪያዎች እንጂ ሥራው ራሱ አይደሉም። በመሠረቱ የሕዝብ ግንኙነት ማለት አንድ ማኅበር የሚሠራውን በእውነት፣ በልክና በወቅቱ ለሚመለከተው ሰው መንገር፣ ያ ሰው የሚለውንም መልሶ መስማት ነው። ገበያ ማፈላለግም ከዚህ አይለይም። ለጋሽም ሆነ ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው በአንድ ነገር ተማምኖ ነው፤ ይኸውም የተነገረው ነገርና የተገኘው ነገር አንድ መሆኑን ነው።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው፣ ዝም ያለ ማኅበር የሚገባውን ያጣል። በአንፃሩ ያልሠራውን ሠራሁ የሚል ማኅበር አንድ ጊዜ ያገኝ ይሆናል፤ ሁለተኛ ግን የሚያምነው አይኖርም። ስለዚህ መልካም ስም የሚገነባው ችግሩ በደረሰ ዕለት ሳይሆን አስቀድሞ በደኅናው ቀን መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

2. ዝምታ ያስከፈለው ዋጋ

የአገሪቱ የድርቅ ታሪክ በዚህ ረገድ ከባድ ትምህርት ትቶ አልፏል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ በገባ ጊዜ የዘውዱ መንግሥት ነገሩን ለመሸፋፈን ሞክሮ ነበር። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጁት ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን የተሸፈነው ተገለጠ። የርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም የተቋቋመው በዚያው በ1966 ዓ.ም. ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1976 ዓ.ም.፣ ኮሚሽኑ ለጋሽ መንግሥታትንና ድርጅቶችን ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሀብ መጋለጡን አስታወቀ። የሚያስፈልገው እህል 900,000 ቶን ያህል መሆኑን ገልጾ፣ ሊጓጓዝና ሊከፋፈል የሚችለውን መጠን በማሰብ የጠየቀው 450,000 ቶን ነበር። የተገኘው ምላሽ ግን እጅግ አነስተኛ ሆነ፤ ቁጥሩን የተጠራጠሩም ነበሩ። በአገር ውስጥም መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል እስኪያከብር ድረስ ስለ ረሀቡ በስፋት እንዲነገር አልፈቀደም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የፊልም ባለሙያው መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረቡት ፊልም ታየ። የዓለም ሕዝብ ልብ ተነካ፤ እህል፣ መድኃኒትና አውሮፕላን ይጎርፍ ጀመር። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅትም የዚሁ ውጤት ነበር።

ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወራት አለፉ። ረሀቡ በመጋቢትም ነበረ፤ በጥቅምትም ነበረ። የተለወጠው ነገር ሩቅ ያለው ሰው በዐይኑ አይቶ ማመኑ ነው። በእነዚያ ወራት የጠፋው ሕይወት ግን በኋላ በመጣው እህል ሊመለስ አልቻለም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። ቁጥር ብቻውን የሰውን ልብ አያነሣሣም፤ ሥዕል ብቻውን ደግሞ ስንት ኩንታል በየትኛው መንገድ መጫን እንዳለበት አይናገርም። ትንሹም ማኅበር ሁለቱን አዘጋጅቶ፣ አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

3. ትንሽና ግልጽ ጥያቄ

የጠያቂው ቃል ግልጽ በሆነ መጠን የሰጪውም እጅ ይፈታል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንስ በም ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. «ቬተን ዳስ» በተባለው የቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ያደረጉት ነው። ዝግጅቱን በምዕራብ ጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ብዙ ሕዝብ ይከታተለው ነበር። እርሳቸውም ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ በድርቅ ለተጎዳ ሕዝብ አንድ ማርክ፣ አንድ ፍራንክ ወይም ሰባት ሽልንግ አይሰጥም ሲሉ ተወራረዱ። የተገኘው ገንዘብ ሲሶው ተመልካች ቢሰጥ ሊገኝ ከሚችለው ያነሰ ቢሆንም 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ነበር። ካርልሃይንስ በም ከዚያ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ሥራውም በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ተፈናቃዮችን በማቋቋም ጀመረ። ድርጅቱ በኋላ ዘመን በምዕራብ ሸዋ በግንደ በረት፣ በአቡነ ግንደ በረትና በዳኖ ወረዳዎች ሠርቷል።

የዚህ ጥሪ ኃይል በሦስት ነገሮች ላይ ያረፈ ነበር። አንደኛ፣ የተጠየቀው መጠን ማንም የማያጣው ነበር። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ በየራሱ አገር ገንዘብ ተተምኖ ተነገረ። ሦስተኛ፣ ጠያቂው ራሳቸው ሄደው ሥራውን አዩ፤ የሆነውንም ተመልሰው ለሰጡት ሰዎች ተናገሩ።

ይህንኑ ወደ አምቦ ወይም ወደ ጌዶ ዕድር ማምጣት አያስቸግርም። «የአቅማችሁን ስጡ» የሚል ጥሪ ለማንም አይደርስም፤ ሁሉም ሌላው ይሰጣል ብሎ ይቀመጣልና። ከዚህ ይልቅ 300 አባላት ያሉት ዕድር «እያንዳንዱ አባል በዚህ ሳምንት 2 ኪሎ ስንዴ ያምጣ» ቢል 6 ኩንታል ይሰበሰባል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ቢታሰብ ይህ እህል 40 ሰዎችን ለአንድ ወር ይመግባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

4. የጥሪ ደብዳቤ አጻጻፍ

ትናንሽ ማኅበራት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለርዳታ ድርጅት የሚጽፉት ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ማኅበራችን በከፍተኛ ችግር ላይ ለሚገኙ በርካታ ወገኖች ሁለንተናዊ ድጋፍ በማድረግ ላይ ስለሚገኝ፣ የተቻላችሁን ርዳታ ታደርጉልን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን።»

ይህ ደብዳቤ ስሕተት የለበትም፤ ግን ምንም አይናገርም። አንባቢው ስንት ሰው እንደ ተቸገረ፣ ምን ያህል እንደ ጎደለና እስከ መቼ መልስ መስጠት እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም። ይኸው ጥሪ ለአብነት ያህል እንደሚከተለው ቢጻፍ ይሻላል፦

«በቀበሌያችን የተጠለሉ 40 ቤተሰቦች፣ ማለትም 200 ሰዎች፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚበሉት እህል የላቸውም። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ታስቦ ለሦስቱ ወራት 90 ኩንታል ያስፈልጋል። ከአባሎቻችን 35 ኩንታል ሰብስበናል፤ የጎደለው 55 ኩንታል ነው። ማከማቻ ቤት፣ የሚያከፋፍሉ 5 ሰዎችና የተቀባዮች መዝገብ ተዘጋጅተዋል። እስከ ሰኔ 20 ቀን ምላሽ ብናገኝ ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው ለማጓጓዝ እንችላለን።»

ሁለተኛው ደብዳቤ ስድስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ እነማን ናቸው? ስንት ናቸው? እስከ መቼ? ምን ያህል ያስፈልጋል? ማኅበሩ ራሱ ምን አዋጣ? የቀረው ምንድን ነው? በተለይም ጠቅላላ የሚፈለገውና አሁን የሚጠየቀው ቁጥር የተለያየ በሚሆንበት ጊዜ ልዩነቱ የመጣበት ምክንያት በዚያው ገጽ ላይ ሊብራራ ይገባል። ሳይብራራ የቀረ ልዩነት ለጥርጣሬ በር ይከፍታል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚቻለው መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው። ለዚህም አንድ ደብተርና አንድ ታማኝ ጸሐፊ ይበቃሉ። በደብተሩ ላይ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረውና የተበላሸው በየቀኑ ይመዘገባል። ችግር በደረሰ ዕለት ቁጥር ፍለጋ የሚሯሯጥ ማኅበር ይዘገያል፤ መዝገቡ የተዘጋጀለት ግን በማግሥቱ ይጽፋል።

5. ለማን፣ በምን ቋንቋ?

አንድ ዓይነት ቃል ለሁሉም አይስማማም። የትንሽ ማኅበር ሰሚዎች በአጠቃላይ በሦስት ይከፈላሉ።

ሀ. አባላትና ጎረቤቶች። እነዚህ ቅርብ ስለሆኑ ይረሳሉ፤ ነገር ግን የማኅበሩን ስም በገበያና በለቅሶ ቤት የሚያነሡትም የሚጥሉትም እነርሱ ናቸው። መልእክቱ በዕድር ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር ግቢ፣ በገበያ ቀንም በሽማግሌዎች አፍ ሊነገር ይገባል። በምዕራብ ሸዋ የብዙው ሕዝብ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ መልእክቱ በዚሁ ቋንቋ መነገርና በቁቤ መጻፍ አለበት። በአማርኛ ብቻ የተለጠፈ ማስታወቂያ በርካታ አንባቢዎችን ያጣል።

ለ. የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች። እነዚህ የሚፈልጉት አጭር ጽሑፍ፣ ቁጥርና ቀን ነው። ማኅበሩ ሲቸገር ብቻ ሳይሆን በየሦስት ወሩ የአንድ ገጽ መግለጫ ቢልክ፣ በችግር ጊዜ ለባለሥልጣኑ እንግዳ አይሆንም።

ሐ. በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች፣ ጋዜጠኞችና የሩቅ ለጋሾች። ለእነዚህ የእጅ ስልክ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ በትንሽ ወጪ ያደርሳሉ። ሆኖም የሚላከው ነገር ሁሉ ቀንና ቦታ ሊጻፍበት ይገባል። የአምናው ፎቶግራፍ እንደ ዘንድሮ ሆኖ ቢዞር ማኅበሩ ሐሰተኛ ይባላል። ለጋዜጠኛ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው አስቀድሞ ይመረጥ፤ ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት ቁጥር ከተናገሩ የሚታመን አይኖርም።

6. የተረጂውን ክብር ስለ መጠበቅ

ከ1977 ዓ.ም. በኋላ በዓለም ዙሪያ የተሠራጩት የረሀብ ሥዕሎች ብዙ ርዳታ ማስገኘታቸው አያጠራጥርም። በሌላ በኩል ግን ኢትዮጵያዊውን ስም የሌለው፣ እጁን ብቻ የሚዘረጋ ሰው አድርገው ማሳየታቸው ብዙ ወቀሳ አስነሥቷል። በ1981 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በሥዕሎችና በመልእክቶች አጠቃቀም ላይ የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡትም የሰውን ክብር ለመጠበቅ በማሰብ ነው።

ጉዳዩ ለትናንሽ ከተሞች ይበልጥ ይከብዳል። ለንደን ላይ የታየ ሥዕል ባለቤቱን የሚያውቀው ሰው ላያገኝ ይችላል፤ በጉደር ወይም በጊንጪ የሚታይ ሥዕል ግን ባለቤቱን ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቁታል። ዛሬ የተጠለለው ሰው ነገ በዚያው ከተማ ሱቅ ከፋች፣ ቀጣሪ፣ የትምህርት ቤት ወላጅ ይሆናል። ራቁቱን ወይም ሲለምን የታየበት ፎቶግራፍ ግን አብሮት ይኖራል። ስለሆነም የሚከተሉት ደንቦች ሊጠበቁ ይገባል፦

— ፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ፤ የት እንደሚታይም ይነገር። እምቢ ያለ ሰው ከእህሉ አይጓደልበት።
— የሕፃናት ሙሉ ስምና መኖሪያ አይጻፍ።
— ሰው ሲቀበል ብቻ ሳይሆን ሲሠራም ይታይ፤ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ችግኝ ሲተክል፣ ልጆቹን ሲያስተምር።
— ተረጂው የራሱን ነገር በራሱ አፍ እንዲናገር ዕድል ይሰጠው።

7. ገበያ፦ ስም በአንድ ዓይነትነት ይገኛል

ርዳታ ያልቃል። የተቋቋመ ቤተሰብ በእግሩ የሚቆመው የሠራውን ሲሸጥ ነው። ምርትን ስለ መሸጥ የሚማር ማኅበር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከአምቦ አጠገብ ከሰንቀሌ የሚቀዳው የማዕድን ውሃ ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ ኖሯል። የከተማዋ ስም የውሃው ስም ሆኖ፣ በአዲስ አበባ ምግብ ቤት «አምቦ» ያለ ሰው ምን እንደሚቀርብለት አስቀድሞ ያውቃል። ስሙን ያጸናው ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ዛሬ የተከፈተው ጠርሙስ ጣዕሙ እንደ ትናንቱ መሆኑ ነው።

የባኮም ነገር እንዲሁ ነው። በባኮ የምርምር ጣቢያ የተገኘውና በ1985 ዓ.ም. የተለቀቀው ቢ.ኤች. 660 የተባለው የበቆሎ ዘር በመጀመሪያው ፊደል የባኮን ስም ይዞ በብዙ ክፍለ ሀገር ተሠራጭቷል። ገበሬው ዘሩን ደግሞ የጠየቀው በማሳው ላይ ያየውን ምርት አምኖ ነው። የጀልዱ ዘር ድንችም ገዢን ከሩቅ የሚያመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

አነስተኛ ማኅበር ከዚህ ሦስት ነገር መውሰድ ይችላል። የመጀመሪያው ጥራትና ልክ ነው። በጤፍ ውስጥ አፈር ወይም በማር ውስጥ ስኳር የደባለቀ አንድ አባል የሁሉንም ስም ያጠፋል፤ ስለዚህ ምርቱ ከመሸጡ በፊት የሚያይና የሚመዝን ሰው ይሾም። ሁለተኛው፣ በጥቅሉ ላይ ስም፣ ክብደትና የተዘጋጀበት ቀን መጻፍ ነው። ሦስተኛው ትክክለኛ ዋጋ ነው። ለምሳሌ አንድ የሴቶች ማኅበር 20 ጥቅል ቆሎ ለማዘጋጀት ለጥሬ ዕቃ 600 ብር፣ ለማገዶ 80፣ ለመያዣ 60፣ ለማጓጓዣ 40 ብር አወጣ እንበል፤ ድምሩ 780 ብር ነው። በዚህ ስሌት አንዱ ጥቅል 39 ብር ስለሚያወጣ በ42 ብር ሲሸጥ ትርፍ ያለው ይመስላል። ነገር ግን የአባላቱ ጉልበት 120 ብር ቢተመን ድምሩ 900፣ የአንዱም ጥቅል ወጪ 45 ብር ይሆናል። እነዚህ ሴቶች በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ 3 ብር እየከሰሩ አተረፍን ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ማለት ነው።

ምርትን በርኅራኄ ለመሸጥ መሞከርም አይገባም። «የተቸገሩ ሰዎች የሠሩት ነው» ተብሎ የቀረበን ዕቃ ገዢው አንድ ጊዜ ይገዛል። ጥሩ ስለሆነ የገዛው ግን በየሳምንቱ ይመለሳል፤ በዓመት 52 ጊዜ ማለት ነው።

8. ሂሳብን ለሕዝብ መመለስ

የመጨረሻውና ዋናው የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ሂሳብን መመለስ ነው። በየወሩ መጨረሻ የገባው፣ የተከፋፈለው፣ የቀረውና የተበላሸው በአንድ ወረቀት ተጽፎ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይለጠፍ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ ሲፈቅድ፣ የአስተዳደር ወጪያቸው ከገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። አዋጁ ዕድርን የመሰሉ ባህላዊ ማኅበራትን ባይመለከትም፣ ከመቶው ስንቱ ለተረጂው እንደ ደረሰ መግለጽ ለእነርሱም መልካም ልማድ ነው።

መጥፎ ወሬም መነገር አለበት። ሦስት ኩንታል እህል ዝናብ ቢያገኘው ማኅበሩ በዚያው ሳምንት ጉዳቱን፣ ምክንያቱንና የወሰደውን እርምጃ ያስታውቅ። ሕዝብ ከማኅበሩ አፍ የሰማውን ጥፋት ይቅር ይላል፤ ከሌላ የሰማውን ግን ስርቆት ይለዋል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ስለሚባል፣ የተደበቀው መታወቁ አይቀርም።

ማጠቃለያ

ከላይ በዝርዝር እንደ ተገለጸው፣ ሥራን ማሳወቅ ለትልቅ ድርጅት ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። አንድ ደብተር፣ አንድ ታማኝ ጸሐፊ፣ ግልጽ ጥያቄና በወቅቱ የተመለሰ ሂሳብ ያለው ማኅበር በአምቦም ሆነ በባኮ ሊታመን ይችላል። ይህም መዘጋጀት ያለበት ዝናቡ ከመቅረቱና መንገደኛው ከመምጣቱ በፊት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማኅበራችሁ ዛሬ ስንት ቤተሰብ እንደሚረዳ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ በቁጥር ግለጹ። ቁጥሩ በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል?
2. በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የቀረበው ጥሪና በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የታየው ፊልም በምን ይለያያሉ? አንዱ ከሌላው ምን ጎድሎት ነበር?
3. አባላት ሁሉ ሳይቸገሩ ሊያዋጡ የሚችሉትን መጠን ወስኑ፤ ጠቅላላውን አስሉ፤ ለስንት ሰው ለስንት ቀን እንደሚበቃም ተናገሩ።
4. ማኅበራችሁ የሚሸጠው ምርት ካለ ጉልበትን ጨምሮ የአንዱን ጥቅል እውነተኛ ወጪ ፈልጉ።
5. ባለፈው ዓመት ያነሣችኋቸውን ፎቶግራፎች ተመልከቱ። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ቢያየው ደስ ይለው ይሆን?